የመጀመሪያዋ ብስክሌት እግራችን መሬት የሚደርስባት ትሁን

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ ከአባላት አንድ ጥያቄ ቀርቦ ነበር፤ «ብስክሌት መግዣ ብድር ይፈቀድልን» የሚል። ግማሹ ሰው ሳቀ። እኛ ሰባታችን ግን ዝም አልን። ዝም ያልነው ጥያቄውን ጠልተን ሳይሆን ቀድመን ገዝተን፣ ወድቀን፣ አፍረን ስለነበር ነው። ዛሬ ያንን ሳንደብቅ እንድንናገር ተጠይቀናል። ሌላዋ እህት ከእኛ ስህተት ትማር፤ ብሯም በከንቱ አይጥፋ።

ብስክሌት የፈለግነው ለጨዋታ አልነበረም። ከመካከላችን እንጀራ ለሻይ ቤቶች የምታደርስ አለች፣ አትክልት የምትቸረችር አለች፣ ጠዋት ልጅ ትምህርት ቤት አድርሳ ሥራ የምትገባ አለች። የቀን ትርፋችን በባጃጅ ሒሳብ ያልቃል። ነዳጅ ሲጠፋና ባጃጅ ሲቆም ደግሞ ሸክሙን በጀርባችን ይዘን በእግራችን ነው።

ስለዚህ ከጋራ ቁጠባችን አውጥተን አንድ ብስክሌት ገዛን። ስንገዛ ያየነው መልኩን ነበር። ባለ ብዙ ማርሽ፣ ጎማው ወፍራም፣ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ፣ አግዳሚ ብረቱ ከፍ ያለ። «ጠንካራ ነው፣ ዕድሜ ልካችሁን ይበቃችኋል» ተባልን፤ እኛም አመንን። ኮርቻው ላይ ስንወጣ የእግራችን ጣት እንኳ መሬት አይነካም። ቀሚሳችን አግዳሚው ላይ ይያዛል። ፍሬኑን ለመያዝ ጣታችን አይደርስም። በሁለተኛው ቀን አንዷ እህታችን ወደቀችና እጇ ተሰብሮ ብዙ ሳምንት እንጀራ ሳትጋግር ቀረች። ብስክሌቱ ዕቃ ቤት ግድግዳ ላይ ተደግፎ አቧራ ለበሰ።

እጅ ይጠገናል፤ የእህታችንም ድኗል። የከፋው «ይህ ነገር ለእኛ አልተፈጠረም፣ ዕድሜያችንም አልፏል» ማለታችን ነው። ብስክሌቱ አልሆነንም ማለት ሲገባን፣ እኛ አንሆንም አልን።

ከወራት በኋላ የአንዷ የእህት ልጅ አሮጌ ብስክሌቷን ተወችልን። ትንሽ ናት፣ ማርሽ የላትም፣ አግዳሚ ብረቷም ወደ ታች ያዘነበለ ነው። ኮርቻዋን ዝቅ ስናደርገው ሁለቱም እግራችን ሙሉ በሙሉ መሬት ረገጠ። ልዩነቱ ይኸው ነው። ሚዛን ሲጠፋ እግርን ማሳረፍ እንደሚቻል ሰውነት ካወቀ አይፈራም፤ ካልፈራ ደግሞ ይማራል። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አምስታችን መንዳት ቻልን። የቀሩት ሁለቱም በወሩ ደረሱብን። ስሟንም «አብሽሪ» አልናት።

ለብስክሌት ስም ማውጣት የእኛ ብቻ እንዳልሆነ በኋላ ሰማን። በአሜሪካ ፍራንሲስ ዊላርድ የተባሉ የሴቶች ማኅበር መሪ መንዳት የተማሩት በ53 ዓመታቸው ነበር። በቀን ሩብ ሰዓት ያህል እየተለማመዱ ሦስት ወር ገደማ ፈጀባቸው። ታሪኩን በ1895 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳተሙት፤ ብስክሌታቸውንም ግላዲስ ብለው ጠርተዋታል። እኛ ከእርሳቸው የምንተናነስ አይደለንም።

አሁን ወደ ምርጫው እንግባ።

አንደኛ፣ ከመልኩ በፊት ቁመታችሁን አስቡ። አግዳሚ ብረቱ ዝቅ ያለ፣ በተለምዶ «የሴት» የሚባለው ዓይነት፣ ቀሚስ ለምንለብስ ይመቻል፤ ለመውረድም ይፈጥናል። አግዳሚው ቀጥ ያለ ከሆነ ደግሞ በሁለት እግር ቆማችሁ ብረቱ ከሰውነታችሁ ቢያንስ ሁለት ሦስት ጣት ዝቅ ማለት አለበት። ኮርቻው ለመማሪያ ጊዜ እግር መሬት እስኪረግጥ ዝቅ ይበል። ከለመዳችሁ በኋላ፣ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ተረከዛችሁን አስቀምጣችሁበት እግራችሁ ቀጥ እስኪል ከፍ አድርጉት፤ ያለዚያ ጉልበት ያማል።

ሁለተኛ፣ እጃችሁን ዘርግታችሁ ፍሬኑን ጨብጡ። ጣታችሁ ካልደረሰ ወይም ለመጨበጥ ከከበዳችሁ ይስተካከልላችሁ፤ ካልተስተካከለ ተዉት።

ሦስተኛ፣ የማርሽ ብዛት አያታልላችሁ። ለመማር አንድም ማርሽ አያስፈልግም። የወልድያን ዳገት በየቀኑ የምትወጣ እህት በኋላ ማርሽ ያለው ትፈልጋለች፤ ያ ግን የሁለተኛው ብስክሌት ጉዳይ ነው። ለድንጋይ ንጣፍና ለኮረት መንገድ መካከለኛ ውፍረት ያለው ጎማ ይበቃል። በጣም ቀጭኑ ይንሸራተታል፣ በጣም ወፍራሙ ጉልበት ይጨርሳል።

አራተኛ፣ ሰንሰለቱ መሸፈኛ ይኑረው። ነጠላም ሆነ ሻርፕ ጫፉ ወደ ኋላ ከተንጠለጠለ ጎማ ውስጥ ይገባል። ከመውጣታችን በፊት ወገባችን ላይ እናስረዋለን፤ የቀሚሳችንንም ጫፍ እንሰበስባለን።

አምስተኛ፣ ያገለገለ መግዛት ነውር አይደለም፤ የመጀመሪያው ብስክሌት መውደቁ አይቀርምና እንዲያውም ይመረጣል። ግን መርምሩ። ጎማውን ከመሬት አንስታችሁ አሽከርክሩት፤ ወዲህ ወዲያ ከተወላገደ ቸርኬው ጎብጧል። ፍሬኑን ይዛችሁ ወደ ፊት ግፉት፤ ጎማው መዞር የለበትም። ብረቱ የተበየደበት ወይም የተሰነጠቀበት ቦታ ካለ አትግዙ። ሲቻል የምታምኑትን ጠጋኝ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሻጩ ያመጣላችሁን አይደለም።

ስለ መማሩም አንድ ነገር እንንገራችሁ። በመጀመሪያ ሁለቱንም ፔዳሎች ፍቱ። በትንሹ ያዘቀዘቀ፣ መኪና የማይገባበት ሜዳ ፈልጉና በእግራችሁ መሬቱን እየገፋችሁ ተንሸራተቱ። ሚዛን የሚመጣው እዚያ ነው፤ ፔዳሉ በኋላ ይገጠማል። ስትፈቱ ግን ተጠንቀቁ። የቀኙ ፔዳል እንደማንኛውም ብሎን ወደ ግራ ሲዞር ይፈታል፣ የግራው ግን በተቃራኒው ወደ ቀኝ ነው። እኛ ይህን ሳናውቅ አንድ ከሰዓት ሙሉ የግራውን ስናጠብቀው ዋልን!

«አገራችን ለብስክሌት አይሆንም» የሚል ካለ ባሕር ዳርን ይመልከት። እዚያ ሴት በብስክሌት ሥራ መሄዷ ማንንም አያስገርምም። እውነት ነው፣ ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ወልድያ ዳገት አላት። ስለዚህ እኛ ዳገቱን ወርደን እየገፋን እንወጣለን፤ ጭነቱ በጀርባችን ሳይሆን በብስክሌቱ ላይ ስለሆነ ያም ቢሆን እረፍት ነው። የመርሳ እህቶቻችን ሜዳ ይበዛላቸዋል፤ ነገር ግን ከተማዋን የሚያቋርጠው ዋና መንገድ የከባድ መኪና መንገድ ነው። ፍሬን ይዞ መቆምን በደንብ ሳንለምድ ዋናው አስፋልት ላይ አንውጣ፤ ሄልሜትም አንርሳ።

እንግዲህ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው።

አባላት ሆይ፣ ብድሩ ይፈቀድ፤ ግን አንዲት እህት በማኅበሩ መለማመጃ ብስክሌት መንዳት ከቻለች በኋላ። ያኔ ምን እንደሚስማማት ራሷ ታውቃለች፤ ዕዳ ገብታ የግድግዳ ጌጥ አትገዛም።

ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ መልካም ልባችሁን እናውቃለን። ብስክሌት ልትሰጡን ስታስቡ ከሁሉ በፊት ቁመታችንን ጠይቁን። ብዙና ውድ ከምትልኩልን፣ ለወልድያ ሁለት ለመርሳ ሁለት፣ ዝቅ ያሉና ቀላል ብስክሌቶች ከመፍቻ፣ ከጎማ መንፊያና ከመለዋወጫ ጋር ይበቁናል። አንዷ ብስክሌት በዓመት ብዙ ሴት ታስተምራለች።

እጇ የተሰበረው እህታችን ዛሬ እዚህ አለች። እንጀራዋን አድርሳ ነው የመጣችው፤ ብስክሌቷም ውጭ በር ላይ ቆማለች። ስብሰባው ሲያልቅ መሞከር የምትፈልግ ትምጣ፤ ኮርቻውን ዝቅ አድርገን እንይዝላታለን። አብሽሩ፣ እግራችሁ መሬት ይደርሳል።