«ሆድ ይፍጀው» እስከ መቼ?

(ባሕር ዳር ውስጥ በተካሄደ አንድ የውይይት ስብሰባ ላይ ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)



ስለ ሰው ልጅ ስሜት ተናገር ስባል አስቀድሜ የፈተሽኩት የገዛ ቋንቋችንን ነው። እኛ ብዙውን ስሜታችንን የምናስቀምጠው ሆዳችን ውስጥ ነው። ስንከፋ «ሆዴን ባሰኝ»፣ ስንራራ «አንጀቴን በላው»፣ ደስ ሲለን «አንጀቴ ቅቤ ጠጣ» እንላለን። ታጋሹ ሆደ ሰፊ፣ እንባ የሚቀድመው ሆደ ባሻ ነው። የማይነገር ነገር ሲገጥመን ደግሞ «ሆድ ይፍጀው» ብለን እንዘጋዋለን።

ጥያቄዬ አንድ ነው። እውን ሆድ ይፈጀዋል ወይ?

ጄምስ ግሮስና ሮበርት ሌቨንሰን የተባሉ አሜሪካውያን ምሁራን በ1993 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ባወጡት ጥናት ለሰዎች የሚሰቀጥጥ ፊልም አሳዩ። ከፊሎቹን «ስሜታችሁ ፊታችሁ ላይ እንዳይታይ» አሏቸው። ፊታቸው ጸጥ አለ። የሚሰማቸው መጥፎ ስሜት ግን አልቀነሰም፤ እንዲያውም የሰውነታቸው ውጥረት ባሰ። በ2003 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የማይተዋወቁ ሴቶችን ሁለት ሁለት አድርጎ አወያየ። አንዷ ስሜቷን ስትደብቅ የሌላዋም የደም ግፊት ከፍ አለ! እኛ ዋጥ አድርገን የቻልነው ሲመስለን አጠገባችን የተቀመጠው ሰውም እየከፈለ ነው ማለት ነው።

አባቶቻችን ይህን ያለ ላቦራቶሪ ያውቁት ነበር። መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ነው። ለምን? ሰው ብቻውን እንዳይደነግጥ። ከዚያ ይጮሃል፣ ደረት ይመታል፣ አልቃሿ የሟቹን ስም እየጠራች ሙሾ ታወርዳለች። እድርተኛው ድንኳን ጥሎ አብሮ ይቀመጣል። ሠልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የተባለው ሰውዬ እንኳ እዚያ ሲያለቅስ የሚነቅፈው የለም።

ታዲያ ይህ በር ሲዘጋስ? በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ልጃቸው የተገደለባቸው ቤተሰቦች እንዳያለቅሱ ተከልክለዋል። አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቁም ነበሩ። ግድያው አንድ ወንጀል ነው፤ ለቅሶውን መንጠቅ ሁለተኛ ወንጀል ነው።

ሩቅ አንሂድ። እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነሐሴ 1 ቀን 2008 ዓ.ም. እሑድ ዕለት ሰልፍ የወጡ ወጣቶች ተገደሉ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በዚያ በአንድ ቀን ባሕር ዳር ላይ ቢያንስ 30 ሰው መገደሉን ገልጿል። ከእነዚያ እናቶች መካከል ስንቷ ናት «ማን ይሰማኝ ይሆን?» ሳትል ልጇን በስሙ ጠርታ ያለቀሰችው? በ2015 ዓ.ም. ክረምት የፈነዳው ጦርነትስ ስንት ቤት ውስጥ ያልተለቀሰ ለቅሶ አስቀምጧል?

ልብ በሉልኝ! ስሜት ይውጣ ስል ቁጣችሁን እንዳሻችሁ ልቀቁት ማለቴ አይደለም። ብራድ ቡሽማን የተባለ ምሁር በ2002 ባሳተመው ጥናት ያናደዳቸውን ሰው እያሰቡ የቦክስ ከረጢት የደበደቡ ሰዎች ንዴታቸው አልበረደላቸውም። ዝም ብለው ከተቀመጡት ይልቅ ባሰባቸው። የውጭውን ንዴት ቤቱ ገብቶ ሚስቱና ልጆቹ ላይ የሚያራግፍ አባወራም «ወጣልኝ» አይበል። አልወጣለትም።

ጣናን ተመልከቱ። ግልገል ዓባይ ይገባበታል፤ ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭ ይገቡበታል። የተፈጥሮ መውጫው ግን አንድ ዓባይ ነው። ጨረጨራ ላይ የተሠራው በር ውሃውን በልክ ይለቃል። ያ በር ጨርሶ ቢደፈን ውሃው የት ይሄዳል? የዳር ዳሩን እርሻና ቤት ነዋ! የእኛም ለቅሶ፣ ሙሾና ወግ እንደዚያ በር ናቸው።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሐዘንተኛ እናት ጎረቤት ካለቻችሁ ሂዱ። «ፈጣሪ ያጽናሽ» ብላችሁ ብድግ አትበሉ። «ልጅሽ እንዴት ያለ ልጅ ነበር?» በሏት። ስሙን ጥሩላት። ታውራ፣ ታልቅስ፤ እናንተም አድምጡ።

በሥልጣን ላይ ላላችሁም አንድ ቃል አለኝ። የሚያለቅስ ሕዝብ አያስፈራችሁ። የሚያስፈራው ማልቀስ የተወ ሕዝብ ነው።