የዓይን ምስክርነት በመንገድ ዳር



ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በፍኖተ ሰላም በኩል ቡሬ የገባ አሽከርካሪ መገንጠያ ይጠብቀዋል። አንዱ መንገድ በእንጅባራ ወደ ባሕር ዳር፣ ሁለተኛው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት ይወስዳል። በዚህ አገር ጠላ ይጠመቃል፤ አረቄም ይወጣል። የቤት አረቄ ኃይሉ በጠርሙሱ ላይ አልተጻፈምና ጠጪው ራሱ ምን ያህል አልኮል እንደ ወሰደ አያውቅም።

ታዲያ የትንፋሽ መለኪያ በሌለበት ሥፍራ ትራፊክ ፖሊስ በምን ይመርምረው? በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ በተካሄደ ጥናት ከተደራጁት የመንገድ ዳር ፈተናዎች አንዱ የዓይን ፈተና ነው። መርማሪው እስክሪብቶ ከሰውየው ፊት ከ30 እስከ 38 ሳንቲ ሜትር አርቆ ይይዝና ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያንቀሳቅሳል። አልኮል ዓይንን የሚያረጋጋውን የአንጎል ሥራ ስለሚያውክ የጠጣ ሰው ዓይን ይርገበገባል። በእያንዳንዱ ዓይን 3 ምልክቶች ይፈለጋሉ፤ አንዱ ርግብግብታው ዓይን 45 ዲግሪ ከመዞሩ በፊት መጀመሩ ነው።

ይህን ማዕዘን የሚለካው ግን መሣሪያ ሳይሆን የመርማሪው ግምት ነው። እስክሪብቶው ከፊት 38 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ ወደ ጎንም 38 ሳንቲ ሜትር ቢሄድ ማዕዘኑ በትክክል 45 ዲግሪ ይሆናል። እጅ ሳይታወቅ ቀርቦ ርቀቱ 30 ቢሆን፣ ያው የጎን ጉዞ ማዕዘኑን ወደ 52 ዲግሪ ያደርሰዋል። በ52 የታየው ርግብግብታ በ45 እንደታየ ይመዘገባል ማለት ነው። በዚህም ላይ የውስጥ ጆሮ ሕመምና አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ያልጠጣን ሰው ዓይን ያርገበግባሉ።

የአሪዞና ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1986 በሰጠው ውሳኔ ፈተናው ለመጠርጠርና ለመያዝ በቂ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ተቀብሏል፤ የኬሚካል ምርመራ ከሌለ ግን በደም ውስጥ ያለውን የአልኮል መጠን ማስረጃ አድርጎ ለማቅረብ አልፈቀደም። ይህ ልዩነት ለእኛም አገር ይጠቅማል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 መሠረት ራሱን በአልኮል አሳልፎ በቸልተኝነት ሰው የገደለ ሰው ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ይጠብቀዋል። ይህን ያህል ፍርድ በግምት ማዕዘን ላይ ሊቆም አይገባም።

ስለዚህ የዓይን ፈተና ሥራ ላይ በሚውልበት ቦታ ሁሉ በር ከፋች እንጂ ፈራጅ መሆን የለበትም። የተጠረጠረው ሰው ከመሪው ይነሣ፤ ተሳፋሪውም ይዳን። ርቀቱ፣ የታዩት ምልክቶችና ሰዓቱ እዚያው ይጻፉ፤ ሕመምና መድኃኒት እንዳለበትም ይጠየቅ። ደሙም ሳይዘገይ ይመርመር፤ አልኮል ወደ ደም ከገባ በኋላ በየሰዓቱ በሊትር ከ0.1 እስከ 0.2 ግራም ያህል ይቀንሳልና፣ ከገጠር ወደ ሆስፒታል የሚፈጀው እያንዳንዱ ሰዓት ማስረጃውን ይዞት ይሄዳል።