የሰፈራችን ታሪክ ማደሪያ ቤት ይፈልጋል
(በጠቅላላ ስብሰባችን ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተነገረ፤ በዕለቱ ላልተገኙ አባሎች ሲባል በሰሌዳ የወጣ)



ከሁሉ አስቀድሞ የተሰጣ ቡናችሁን ለልጅ አደራ ብላችሁ፣ ገበያችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ እናመሰግናለን። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ወር መዋጮ ወይም ስለ ድንኳን አይደለም። ስለ ሙዚየም ነው። «ሙዚየም ደግሞ ለእኛ ምን ይሠራልናል?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። እኛም ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍን ሰዎች ነንና መጀመሪያ ያልነው ይህንኑ ነበር።

ነገሩ የተነሣው ከመዝገብ ነው። ባለፈው ክረምት የማኅበሩን ዕቃ ቤት ስናጸዳ የመጀመሪያውን የአባሎች መዝገብ አገኘነው። ከግማሽ በላይ ምስጥ በልቶታል። ሳጥኑን ከመሬት ሳናነሣ ያስቀመጥነው እኛው ነን፤ ጥፋቱ የሌላ የማንም አይደለም። ከተረፉት ገጾች በአንዱ ላይ ገንዘብ ያጣ አባል መዋጮውን በጀንፈል ቡና እንደከፈለ ተጽፏል። መፈረም የማይችሉት የአውራ ጣታቸውን አሻራ አኑረዋል። አንዲት እናታችን ገጹን ስናሳያቸው የአባታቸውን ስም አስነበቡንና ጣታቸውን በአሻራው ላይ አሳርፈው ዝም አሉ። የአባታቸው ፎቶግራፍ የላቸውም። በዓለም ላይ የቀረላቸው ያ አሻራ ነው። ምስጡ ደግሞ ከዚያ ገጽ ሁለት ጣት ያህል ቀርቶት ነበር።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። የተጻፈውም ቢሆን ጠባቂ ከሌለው አይወረስም ማለት ነው።

እንግዲህ የከተማ ሙዚየም ማለት ምንድን ነው? የንጉሥ ዘውድ ብቻ የሚቀመጥበት ቤት አይደለም። በአዲስ አበባ፣ በመስቀል አደባባይ አጠገብ፣ የራስ ብሩ ሀብተ ገብርኤል መኖሪያ የነበረው ቤት ከተማዋ መቶኛ ዓመቷን ባከበረችበት በ1979 ዓ.ም. ገደማ የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኗል። እዚያ የሚታየው የከተማዋ ኑሮ ነው፤ የድሮ ፎቶግራፍ፣ ልብስ፣ የቤት ዕቃ፣ የከተማዋ አመሠራረትና አስተዳደር። ልጅ ገብቶ «አያቴ የኖረችው እንዲህ ነበር» ብሎ ይወጣል።

የሐረሩ ደግሞ ይበልጥ ያስተምረናል። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ የሚባሉ የሐረር ሰው ማንም ሳያዛቸው የከተማቸውን ቅርስ በገዛ ቤታቸው መሰብሰብ ጀመሩ። የእጅ ጽሑፍ፣ ሳንቲም፣ ጌጣጌጥ፣ የተቀዳ ዘፈን ሳይቀር አከማቹ። የተቀደደ መጽሐፍ የሚጠገንበትንና የሚደጎስበትን ጥበብም መልሰው አነሡት። ከዚያ በኋላ፣ በ1999 ዓ.ም. አካባቢ፣ ከተማው የራስ ተፈሪ ቤት የሚባለውን ሰጥቷቸው ስብስቡ ወደዚያ ገባ። ልብ በሉ፤ መጀመሪያ የመጣው ሕንጻው አይደለም። መጀመሪያ የመጣው የሰውየው ማሰብ ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በጎረቤታችን በቦንጋ ከኢትዮጵያ ሚሌኒየም ጋር በተያያዘ የተጀመረ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም አለ። ይህ ለደቡብ ምዕራብ ሁሉ ኩራት ነው። ነገር ግን የቦንጋው ሙዚየም የእኛን ሰፈር መዝገብ ያስቀምጥልን አንልም። ብሔራዊው ስለ ቡና ይናገር፤ ሚዛን ስለ ሚዛን፣ ቴፒም ስለ ቴፒ መናገር ያለብን ራሳችን ነን።

ሳንናገር የቀረን እንደሆነ ምን እንደሚደርስ የጌሻን ቡና ማየት ይበቃል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1930ዎቹ ዘሩ ከዚሁ ከእኛ ጫካ ተለቅሞ ወደ ኬንያና ታንዛኒያ ተወሰደ፤ በ1953 ኮስታሪካ ደረሰ፤ ከዚያም ፓናማ ገባ። በ2004 በፓናማ ውድድር አንደኛ ወጥቶ በዓለም ላይ እጅግ ውድ ከሚባሉት ቡናዎች ተቆጠረ። የሄደበትን መንገድ የመዘገቡት ሌሎች ናቸው። ዘሩን ያሳየው የጫካው ሰው ማን ነበር? ስሙ የት ተጻፈ? ይህን የሚነግረን መዝገብ በመንደራችን የለም።

ታዲያ በእኛ ክፍል ምን ይቀመጥ? ወርቅ አንፈልግም። ጨሞ የሚፈላበት ማሰሮ፣ ሙቀጫና ዘነዘና፣ የጫካ ማር ቀፎ፣ የኮረሪማና የጥምዝ ዘንቢል፣ ቡና በፈረሱላ ይመዘንበት የነበረ ሚዛን፣ በበቅሎ ይጫንበት የነበረ ኮርቻ፣ በዳኮታ አውሮፕላን ከሚዛን ተፈሪ የተጓዘ ሰው የያዘው ትኬት፣ የበበቃ እርሻ ሠራተኛ የነበሩ አባት የደመወዝ ወረቀት። ይህ ሁሉ በየቤታችን አልጋ ሥር አለ። ልጆቻችን ለቆራሌው እየሸጡት ነው።

አንድ ነገር ግን ሳንሸፋፍን እንናገር። የዚህ አገር ታሪክ ደስ የሚል ብቻ አይደለም። በ1889 እና በ1890 ዓ.ም. ገደማ የከፋ መንግሥት በጦርነት ከወደቀ በኋላ በዚህ አካባቢ ገባርነት ነበር፤ በማጂ በኩል በባሪያ ንግድ መንደሮች ባዶ ቀርተዋል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ደግሞ ከሰሜን በሠፈራ የመጡ ወገኖች ብዙዎቹ ታመውና ሞተው እዚህ ቀርተዋል። በቅርብ ዓመታትም ወንድም ከወንድሙ ተጋጭቶ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል። በማኅበራችን ቤንችም፣ ሸኮም፣ ከፋም፣ አማራም፣ ኦሮሞም፣ ጉራጌም አለ። ግድግዳው የአንዱን ብቻ የሚናገር ከሆነ ባይከፈት ይሻላል። ቀብር ላይ አብረን አፈር የምናለብስ ሰዎች የሞቱትን ታሪክ አብረን መስማት አያቅተንም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ከአዳራሹ በስተጀርባ ያለውን ዕቃ ቤት አንድ ነጋዴ ለቡና ማከማቻ ሊከራየው ጠይቋል። ኪራዩ ለኀዘንተኛ የምንሰጠውን ገንዘብ ከፍ ያደርገዋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የሞተበትን ሰው በባዶ እጅ ታሪክ አንግረውም። ስለዚህ የኮሚቴው ሐሳብ እንዲህ ነው፤

1ኛ/ ዕቃ ቤቱ በግድግዳ ለሁለት ተከፍሎ ሰፊው ወገን ይከራይ፤ ጠባቡ ለታሪክ ክፍል ይዋል።

2ኛ/ ዕቃ የሚያመጣ ሰው ባለቤትነቱን አይለቅም። ሁለት ደረሰኝ ይጻፋል፤ አንዱ ለእርሱ፣ አንዱ ለማኅበሩ። ፎቶግራፍና ወረቀት ግን ግልባጭ ተነሥቶለት ወዲያው ይመለሳል።

3ኛ/ የጥንት ቅርስ የሚመስል ነገር ከተገኘ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በባህል መሥሪያ ቤት ሳይመዘገብ አንነካውም። ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድና ከመቃብር የወጣ ነገርም አንቀበልም።

4ኛ/ ማንበብ የሚችሉ ወጣቶች እሑድ እሑድ በየቤቱ እየሄዱ የአረጋውያንን ቃል በደብተር ይጻፉ። ተናጋሪው በቋንቋው ይናገር፤ የሚተረጉምለት አይጠፋም።

5ኛ/ መደርደሪያው ከመሬት ከፍ ብሎ ይሠራ። ስለዚህኛው እንኳ ተምረናል።

በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ እንሰጥበታለን። የምትቃወሙ ካላችሁ በጓዳ ሳይሆን በአዳራሹ ተናገሩ፤ ከእኛ የተሻለ ሐሳብ ካላችሁ የእኛን ትተን የእናንተን እንይዛለን። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነው።

እስከዚያው ድረስ ያ የተረፈው መዝገብ በጨርቅ ተጠቅልሎ በጸሐፊው ቤት ተሰቅሏል። አባቱ ወይም እናቱ በዚያ የተመዘገቡለት ሁሉ በማንኛውም ሰዓት መጥቶ ማየት ይችላል። በራችን ክፍት ነው፤ ቡናም ይፈላል።



የማኅበሩ ጸሐፊ
ሚዛን