ለሟች ድንኳን፣ ለቋሚ ሦስት ደረጃ!

(ይህ ጽሑፍ ጸሐፊው በአቃቂ ቃሊቲ በአንድ የሰፈር ዕድር ጠቅላላ ጉባዔ ላይ ያሰማው ንግግር ነው። ለጋዜጣ እንዲመች በመጠኑ አሳጥሮታል። የዕድሩንና የሰዎቹን ስም አልጠቀሰም።)



ጡሩምባ ሳይነፋ፣ ሰው ሳይሞት እንድናገር ስለፈቀዳችሁልኝ አመሰግናለሁ። የዚህ ጉባዔ ወሬ ሁልጊዜ ስለ ሟች መሆኑን አውቃለሁ። እኔ ግን የመጣሁት ስለ ቋሚ ለመናገር ነው። ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ስለ አንዲት መቆም ስላቃታት ቋሚ!

እናቴን አብዛኞቻችሁ ታውቋታላችሁ። እዚሁ አቃቂ ፋብሪካ ውስጥ ክር ስትፈትል ኖራ በጡረታ የወጣች ሴት ናት። የማንን ልጅ ክርስትና፣ የማንን ሰርግ፣ የማንን ለቅሶ ቀርታ ታውቃለች? ከስኳር በሽታዋ የተነሣ ቀኝ እግሯ ከጉልበት በላይ ከተቆረጠ ወዲህ ግን የመጣችባችሁ ቀን የለም። የሐኪም ቤቱ ነገር ራሱን የቻለ ታሪክ ስለሆነ ዛሬ አልነካውም። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ዊልቸር ላከላት። ደስ ብሎን አምጥተን ደጃችን ላይ አቆምነው። ከዚያስ? ከዚያማ ሦስት ደረጃ!

ቤታችን የቀበሌ ቤት ነው። የአቃቂ ወንዝ ክረምት በመጣ ቁጥር ምን እንደሚያደርገን ለእናንተ አልነግራችሁም። አባቴ ነፍሱን ይማረውና፣ ጎርፍ ሁለት ጊዜ ምድጃችን ድረስ ከገባ በኋላ መግቢያውን በድንጋይ ከፍ አድርጎ አስገነባው። እያንዳንዱ ደረጃ 15 ሳንቲም ሜትር፣ በጠቅላላው 45። ከውኃ ያዳነን ግንብ ዛሬ እናቴን አሰራት። ለመውጣት ሁለት ጎረምሶች ያስፈልጋሉ፤ ጎረምሳ ደግሞ ቀን ሥራ ላይ ነው። ሽንት ቤቱ ከግቢው ማዶ ለሦስት አባወራ የጋራ ነው። የበሩን ስፋት ለካሁት፤ 60 ሳንቲም ሜትር። ዊልቸሩ 65 ነው።

አንድ ቀን እራት ላይ ውኃ ሳቀርብላት «ይቅርብኝ» አለችኝ። በማግሥቱም እንዲሁ። እኅቴን ጠየቅኳት። እናታችን ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ውኃ እንደማትጠጣ፣ ይህንንም ካደረገች ወራት እንዳለፉ ነገረችኝ። ለምን? ሌሊት ሽንት ቤት አድርሱኝ ብላ ሰው ላለማስቸገር። ስኳር ያለበት ሰው ውኃ ሲጠማ የሚደርስበትን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እኔ አንድ ቤት እየኖርኩ፣ ስለ አገር ጉዳይ እየጻፍኩ፣ ይህን አላወቅኩም ነበር። አፍሬያለሁ።

ግንበኛ ጠራሁ። ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት ለ1 ሳንቲም ከፍታ 12 ሳንቲም ርዝመት ይፈልጋል፤ በየአገሩ የታወቀ ልክ ነው። 45 በ12 ሲባዛ 5 ሜትር ከ40 ሆነ። ከደጃችን እስከ አጥሩ ግን 4 ሜትር አይሞላም። ስለዚህ መሀል ላይ ዊልቸር የሚዞርበት ሜትር ተኩል ያህል ሜዳ ተሠርቶለት መታጠፍ አለበት። በዚያ ላይ የአቃቂ መሬት ኮትቻ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ሳይቆፈርና ገረጋንቲ ሳይሞላበት በላዩ ሲሚንቶ ቢያፈሱበት በዓመቱ ተሰነጣጥቆ ይቀራል። ግንበኛው ይህን ሁሉ አስልቶ ስድስት ከረጢት ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር፣ ድንጋይ፣ ገረጋንቲ፣ የሦስት ሰው የአራት ቀን ሥራ አለኝ። የሽንት ቤቱ በር ማስፋትና ግድግዳው ላይ የሚያዝ ብረት መበየድ ለብቻው ነው። ለሀብታም የአንድ ግብዣ ወጪ ነው። በጡረታ ለምትኖር ሴትና እንደኔ በጻፈው ልክ ለሚከፈለው ልጇ ግን ተራራ ነው።

እንግዲህ የሚረዳ ፍለጋ ተነሣሁ። በር ማንኳኳት ሥራዬ ስለሆነ አልሰለቸኝም። አንዱ መሥሪያ ቤት «ይህ የቤት ጉዳይ ነው» ብሎ ወደ ሌላው ላከኝ። ሌላው «ይህማ የአካል ጉዳት ጉዳይ ነው» ብሎ መለሰኝ። የቀረውን «ስብሰባ ላይ ናቸው» ጨረሰው። ስማቸውን አልጠራም፤ ጠላት ለማፍራት አልመጣሁም። አንድ ደግ ሠራተኛ ብቻ እውነቱን ነገረኝ። «ወንድሜ፣ ዱቄት ለሚፈልግ ፎርም አለን፤ ደረጃ ለሚፈርስለት ፎርም የለንም» አለኝ።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41፣ መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችንና አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። «አቅም በፈቀደ» የምትለዋን ልብ በሉልኝ! በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 አንቀጽ 36 ደግሞ በዊልቸር የሚሄድ ሰው መግቢያ እንዲኖረው ሲደነግግ የተናገረው ስለ ሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ነው። ባንክ፣ ሆቴል፣ መሥሪያ ቤት ማለት ነው። እናቴ ባንክ እንድትገባ ሕግ አለላት፤ ከቤቷ እንድትወጣ ግን አዋጁ አላሰበላትም። በ2002 አገራችን ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በአንቀጽ 9 መኖሪያ ቤትንም ስሙን ጠርቶ ይጨምራል። መልካም ነው። ግን አንቀጽ ሲሚንቶ አይሆንም። ከ2016 ወዲህ በኮሪደር ልማት ሰፋፊ የእግረኛ መንገድ ሲነጠፍ እያየን ነው፤ የሚያስከፋ ነገር የለውም። እዚያ ሰፊ መንገድ ላይ ለመድረስ ግን መጀመሪያ ከራስ ደጅ መውረድ ያስፈልጋል።

በእንግሊዝ አገር ለዚሁ ጉዳይ ብቻ የተመደበ ገንዘብ አለ። የአካባቢው አስተዳደር ባለሙያ ልኮ ቤቱን ያስለካል፤ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው እስከ 30 ሺሕ ፓውንድ ድረስ ለመወጣጫ፣ ለሰፊ በር፣ ለመታጠቢያ ቤት ይከፍላል። እንደ እንግሊዝ እንሁን ማለቴ አይደለም። ደረጃ ማፍረስ ራሱን የቻለ የርዳታ ዓይነት መሆኑን የተረዳ አገር መኖሩን እንድታውቁት ነው።

በእኛ አገር ገንዘቡ ጭራሽ የለም ብዬ ግን አልዋሽም። ተበታትኖ ነው ያለው። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የገባው የከተማ ሴፍቲኔት ሠርተው መብላት ለማይችሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ቀጥታ ድጋፍ የሚባል ወርኃዊ ገንዘብ ይሰጣል። ለአፍ የታሰበ ስለሆነ ለአፍ እንኳ ሳይበቃ ያልቃል፤ ከርሱ ሲሚንቶ የሚተርፈው ካለ ይንገረኝ። ቼሻየር ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ፣ መናገሻ ላይ ፖሊዮ የጎዳቸውን ልጆች ከማንሣት ተነሥቶ፣ ስንቱን በድጋፍ መሣሪያ አስኪዷል። የአካል ጉዳተኞች ማኅበራትም የድጋፍ ደብዳቤ ሲጽፉ ክብደት አለው። እነዚህ ግን ለሰውየው እግር ቢሰጡት እንኳ ቤቱን አይነኩም። ቤት የሚነካው ሐቢታት ፎር ሂውማኒቲ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በአገራችን የድሆች ቤት ሲሠራና ሲያድስ ቆይቷል። ግን አንድ ድርጅት ስንቱን ደጅ ይደርሳል?

የፋብሪካ ሰዎች፣ ይህን ለእናንተ ነው የምለው፤ አቃቂ መቼም የፋብሪካ አገር ነው። በሥራ ላይ የተጎዳ ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ (የአሁኑ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው) የሕክምና ወጪውንና ሰው ሠራሽ አካሉን አሠሪው ይሸፍንለታል። ከዚያ በተጨማሪ በጡረታ፣ በኢንሹራንስ ወይም በቀጥታ ካሣ ይከፈለዋል። ኢንሹራንስና ጡረታ ለሌለው ሰው፣ ጉዳቱ ሙሉና ዘላቂ ሲሆን ልኩ የአምስት ዓመት ደመወዝ ነው። የይርጋው ጊዜ አጭር ነው፤ ፋብሪካው ይራራልኛል ብሎ የተኛ ሰው መብቱን ተኝቶበት ያሳልፋል። ካሣው ሲመጣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ባጃጅ ግዛ ይባላል፣ ሱቅ ክፈት ይባላል። ደጁን አስተካክል የሚለው አንድም ሰው የለም! ከቤት መውጣት ያቃተው ሰው ሱቁን ማን ይከፍትለታል? የሠራተኛ ማኅበር መሪዎችም እዚህ መሀላችን አላችሁ። በኅብረት ስምምነታችሁ ውስጥ የተጎዳ ሠራተኛ መኖሪያ ቤት መግቢያ በድርጅቱ ወጪ ይስተካከል የምትል አንዲት መስመር ብታስገቡ ማን ይከለክላችኋል?

ሌላው የክረምቱ በጎ ፈቃድ ነው። በየዓመቱ ሐምሌና ነሐሴ የአረጋውያን ቤት ይታደሳል፤ ካሜራም ይመጣል። ሥራውን አልነቅፍም፤ ብዙ ጣራ ከማፍሰስ ድኗል። ግን አንድ ነገር ባይኔ አይቻለሁ። እዚሁ ከኛ በታች ያሉ በክራንች የሚሄዱ ሽማግሌ ቤታቸው ታደሰላቸው። አዲስ ቆርቆሮ፣ አዲስ ቀለም፤ ወለሉም ጎርፍ እንዳይገባ ተብሎ ሁለት ደረጃ ከፍ አለ። ምርቃቱ ቀን ተሸክመው አስገቧቸው። ከዚያ ወዲህ የሚያወርዳቸው ሰው ሲገኝ ብቻ ነው ፀሐይ የሚሞቁት። ክፋት አይደለም፤ የጠየቃቸው ሰው ስላልነበረ ነው። ስለዚህ ወረፋው ውስጥ ያላችሁ ስም ዝርዝሩ ሳይዘጋ፣ ግንቦት ላይ ሄዳችሁ መወጣጫ ይጨመርልን በሉ። ያን ጊዜ ግንበኛውም ሲሚንቶውም እዚያው ደጃችሁ ላይ ነው። የቀበሌ ቤት ከሆነ የጥገና ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ፤ ቃል አይበቃም፤ ነገ «ማን አስፋ አለህ» የሚል አይጠፋምና።

ገላንና ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣላችሁ ልጆቻችሁም ያው ናቸው። ዕጣው ሲወጣ ለአካል ጉዳተኞች 5 በመቶ ድርሻ መያዙ ጥሩ ነበር። ነገር ግን አራት ፎቅ ያለ ሊፍት! ምድር ላይ ያለው ቤት እንኳ መግቢያው ደረጃ ካለው፣ መግቢያው የጋራ ንብረት ስለሆነ የጎረቤት ማኅበሩን ሳያስማሙ መንካት አይቻልም።

አሁን ወደ መጣሁበት ልግባ።

ዕድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ይደረድራል፣ ለቤተሰቡ ገንዘብ ይሰጣል። እናቴ ነገ ብትሞት እንዲሁ ታደርጉላታላችሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አስከሬኗንም እነዚያን ሦስት ደረጃዎች አራት ሰዎች ተሸክማችሁ ታወርዱታላችሁ። እኔ የምለምናችሁ በሕይወቷ ሳለች፣ በራሷ እጅ ጎማዋን እየገፋች እንድትወርድ ነው።

ጋሽ ገንዘብ ያዥ ባለፈው ወር ሐሳቤን ስነግራቸው «የሟች ገንዘብ ለቋሚ ከዋለ፣ ሞት በበዛ ጊዜ ምን እንመልሳለን?» ብለውኛል። ልክ ናቸው። በኮቪድ ጊዜ አንዳንድ ዕድሮች እንዴት እንደተጨነቁ አይተናል። ስለዚህ የወር መዋጮው አይነካ እላለሁ። ግን ዕድራችን ሁለት ሌላ ገቢ አለው። አንደኛው የቀሪና የዘግይቶ መድረስ መቀጫ ነው። ሁለተኛው ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ድስቱን ለሰርግ ስናከራይ የምናገኘው ነው። ይኸው ይለይና ለብቻው መዝገብ ይያዝለት። ከዚያ ላይ፣ እግሩ ወይም ዓይኑ ለደከመ አባል ደጁንና ሽንት ቤቱን ለማስተካከያ ያለ ወለድ እናበድረው፤ በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ይክፈል። ገንዘቡ በእጅ አይሰጥ። ሲሚንቶውን ዕድሩ ራሱ ይግዛ፤ እኔም ብሆን ለሌላ ነገር አውለዋለሁ፤ ሰው ነኝ። ጉልበቱን በደቦ እንሸፍነው። ለቅሶ ላይ ድንኳን የሚተክሉት ልጆች ኮትቻ መቆፈር አያቅታቸውም።

አንድ ወንድማችን ከኋላ «አንተ ለእናትህ ነው የምትናገረው» ሲል ሰምቻለሁ። አዎ፣ ለእናቴ ነው። ግን ከጉባዔው በፊት ከጸሐፊያችን ጋር መዝገቡን ስናገላብጥ በሕመም ምክንያት ከመቀጫ ነፃ የተባሉ አባላት አገኘን። ዘጠኝ ናቸው። ከዘጠኙ ቤት ስድስቱን ሄጄ አይቻለሁ። ስድስቱም መግቢያቸው ደረጃ አለው። አንዷ እናት ከፋሲካ ወዲህ ከቤት አልወጡም። እኛ ደግሞ «ከመቀጫ ነፃ» ብለን ምሕረት ያደረግንላቸው መስሎን ዝም ብለናል!

መጀመሪያ የእናቴ ይሠራ አላልኩም። ከፋሲካ ወዲህ ያልወጡት እናት ይቅደሙ፤ የሳቸው ደረጃ አንድ ብቻ ስለሆነ ከሁለት ሜትር አይበልጥም፤ አንድ ቅዳሜና እሁድ ይበቃዋል። የመተዳደሪያ ደንቡን ማሻሻያ በሁለት ገጽ ጽፌ ለጸሐፊው ሰጥቻለሁ። የስድስቱን ቤት የደረጃ ቁመትና የበር ስፋትም ለክቼ አያይዣለሁ። ዳኛችን ከፈቀዱ ጸሐፊው ያንብቡትና ድምፅ ይሰጥበት።