ዛሊምን ማን ያንሳው? የሊቢያ ነገር

 

ከመድረሳ ልጆቻችን ደጋግሞ የሚመጣብን ጥያቄ አለ። «ኡስታዝ፣ ዛሊም መሪ ሕዝቡን ሲፈጅ ኃያላን መንግሥታት መጥተው ቢያነሱት ምን ክፋት አለው?» ይሉናል። ቀላል ጥያቄ አይደለም። በደፈናው ከምንመልስ ሊቢያን እንመልከት።

ሊቢያ ስትነሳ ብዙዎቻችን ወሬውን ከኔቶ አውሮፕላን እንጀምራለን። መጀመሪያው ግን የእናቶች እንባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ትሪፖሊ በሚገኘው አቡ ሰሊም እስር ቤት 1,200 የሚሆኑ እስረኞች እንደተገደሉ ይነገራል። ለቤተሰብ ያረዳ አልነበረም። እናቶች ከቤንጋዚ ድረስ ምግብና ልብስ ቋጥረው ለዓመታት ተመላለሱ፤ ጠባቂዎቹም የሟቹን ስንቅ ይቀበሏቸው ነበር። ሱብሃነላህ! እውነቱ ሲወጣ ፎቶ ይዘው አደባባይ መቆም ጀመሩ። እ.ኤ.አ. የካቲት 15 ቀን 2011 ጠበቃቸው ፈትሒ ተርቢል ሲታሰር ቤተሰቦቹ ወጡ፤ ሕዝቡም ተከተላቸው።

ጋዳፊ የመለሰው በጥይት ነው። ቤት ለቤት እየፈለገ እንደሚያጸዳቸው በቴሌቪዥን ዛተ፤ ታንኮቹም ቤንጋዚ ደረሱ። በዚያች ሰዓት «ማንም ይሁን ማን ይድረስልን» ባለ የቤንጋዚ አባት ላይ እኛ እዚህ ተቀምጠን አንፈርድም።

የጸጥታው ምክር ቤት መጋቢት 17 ቀን ውሳኔ 1973ን በ10 ድምፅና በ5 ተአቅቦ አጸደቀ። ደቡብ አፍሪካ፣ ናይጄሪያና ጋቦንም ደግፈዋል። ውሳኔው ሰላማዊ ሰዎችን ጠብቁ ይላል፤ መሪ አውርዱ አይልም። ወር ሳይሞላ ግን የአሜሪካ፣ የእንግሊዝና የፈረንሳይ መሪዎች ጋዳፊ መሄድ አለበት ብለው በጋዜጣ ጻፉ። እዚሁ አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረት ያወጣው የሰላም ፍኖተ ካርታም መና ቀረ። ጋዳፊ ተቀበልኩ አለ፤ ቤንጋዚዎች እሱ ሳይወርድ አይሆንም አሉ። እውነት ለመናገር፣ እሱን አለማመናቸው አይገርምም።

ጋዳፊ ጥቅምት 20 ቀን ሲርት ላይ ተገደለ። ኔቶ በ11ኛው ቀን ዘመቻውን ዘጋ። ከዚያስ? አንዱ የባሕረ ሰላጤው መንግሥት አንዱን ታጣቂ፣ ሌላው ሌላውን አስታጠቀ። በ2014 አገሪቱ ሁለት መንግሥት ያላት ሆነች። በሚያዝያ 2015 አይ ኤስ ክርስቲያን ወገኖቻችንን ሲያርድ የት ነበር? እዚያው ሊቢያ። ያን ሐዘን ማናችንም አልረሳነውም።

«እንግዲያው ጋዳፊ ቢቆይ ይሻል ነበር» የሚለንን ግን አንቀበለውም! አገሪቱን 42 ዓመት ሙሉ ባዶ ያደረጋት እሱ ነው፤ ፓርቲ የለ፣ ነጻ ማኅበር የለ። ጎረቤት ቱኒዚያን እዩ። ቤን አሊ ጥር 14 ቀን 2011 ሲሸሽ የውጭ አውሮፕላን አልመጣም። በ2013 አገሪቱ ልትፈርስ ስትል የሠራተኛው ማኅበር፣ የጠበቆች ማኅበርና ሌሎች ሁለት ድርጅቶች ተፋላሚዎቹን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ፤ ለዚህም በ2015 ኖቤል ተሸለሙ። ሊቢያ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ዘር የእነዚያ እናቶችና የጠበቃቸው ስብስብ ነበር። እሱን የዋጠው መሣሪያና የውጭ ገንዘብ ነው።

ስለዚህ ለልጆቻችን የምንመልሰው ይህን ነው። ለእርድ የተነዳን ሰው ማስጣል አንድ ነገር ነው፤ መሪ አውርዶ መሄድ ሌላ ነው። ያወረደው የውጭ ኃይል ከሆነ መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚወጣ የሚወስነውም እሱ ነው፤ የሊቢያን ሕዝብ ማንም አልጠየቀውም።

ደግሞስ ኃያላኑ ቀድሞ የት ነበሩ? በ2004 ቶኒ ብሌር ጋዳፊን ድንኳኑ ድረስ ሄዶ ጨበጠው። በ2007 ፓሪስ ላይ ድንኳን ተተከለለት። በ2008 ጣሊያን የ5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ፈረመችለት፤ ስደተኛ እንዲያግድላት ጭምር። የአቡ ሰሊም እናቶች ፎቶ ይዘው የቆሙት በእነዚሁ ዓመታት ነው! ኃያላኑን የምንጠይቃቸው ቦምብ አይደለም። ለዛሊሙ መሣሪያ አትሽጡለት፣ ገንዘቡን አትደብቁለት፣ እስረኞቹ የት ናቸው ብላችሁ በእጁ ላይ ያለውን ውል አስይዛችሁ ጠይቁት ነው የምንላቸው።

ስለ ሶሪያ የተጻፈ ጥያቄ ደርሶናል፤ አዛን ስለቀረበ ከሰላት በኋላ እናየዋለን፣ ኢንሻአላህ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።