ዋናው አሰልጣኝና ረዳቱ
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ስለ እግር ኳስ አሰልጣኝነት በሚጻፈውና በሚነገረው ሁሉ ውስጥ ስሙ እምብዛም የማይነሣ አንድ ሰው አለ፤ ይኸውም ረዳት አሰልጣኙ ነው። ቡድኑ ሲያሸንፍ የሚወደሰው ዋናው አሰልጣኝ ነው፤ ሲሸነፍ ግን ከዋናው ጋር አብሮ ዕቃውን የሚሸክፈው ብዙውን ጊዜ ረዳቱም ነው። ሥራው ከሁሉ ቀድሞ ሜዳ መድረስ፣ ኳሶቹን ቆጥሮ መረከብ፣ የልምምዱን ምልክት መደርደር፣ የተከፋውን ተጫዋች ማጽናናት፣ ከዋናው አሰልጣኝ ቁጣም የድርሻውን መቀበል ነው። የዚህ ንግግር ጉዳይ ጥብቅ፣ ሥራ ወዳድና ቁጡ የሆነ አለቃ እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት ሊይዘው ይገባል የሚለው ነው።

አስቀድሞ አንድ ነገር መለየት አለበት። ጥብቅነት በራሱ ነውር አይደለም። በዳባት ወይም በደባርቅ ደጋ፣ ውርጩ ከሣሩ ላይ ሳይለቅ ልምምድ የሚያስጀምር አሰልጣኝ፣ ረዳቱ ከእርሱ ቀድሞ እንዲገኝ ቢጠይቅ የሚነቅፈው የለም። ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ነው። ያ ሁሉ ማልዶ መነሣት፣ ያ ሁሉ ተግሣጽ ረዳቱን ከጊዜ በኋላ ምን ያደርገዋል? ባለሙያ ያደርገዋል ወይስ ተላላኪ አድርጎ ያስቀረዋል?

በዚህ ረገድ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መካከል የሚካሄደው፣ ኳሱ በእጅም ተይዞ የሚሮጥበት የእነርሱ እግር ኳስ ብዙ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2024 ጡረታ የወጣውና ሰባት ብሔራዊ ዋንጫ ያገኘው ኒክ ሴበን በረዳቶቹ ላይ በአደባባይ ሲጮኽ በቴሌቪዥን መታየቱ የተለመደ ነበር። ረዳቶቹም ያለ እርሱ ፈቃድ ለጋዜጠኞች ቃል አይሰጡም ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ለዋንጫው ፍጻሜ አንድ ሳምንት ሲቀረው የአጥቂው ክፍል ኃላፊ ከነበረው ከሌን ኪፊን ጋር ተለያየ፤ ቡድኑም በፍጻሜው 35 ለ31 ተሸነፈ። ነገር ግን ከዚያው ጥብቅ ቤት ብዙ ዋና አሰልጣኞች ወጥተዋል። ለዓመታት የመከላከሉን ክፍል የመራለት ከርቢ ስማርት የራሱን ቡድን ይዞ ሄዶ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 በዋንጫው ፍጻሜ የቀድሞ አለቃውን 33 ለ18 አሸነፈ። ይህ ለአለቃው ውርደት ይመስል ይሆናል፤ በእውነቱ ግን ካስተማረው ትምህርት ሁሉ ትልቁ ምስክር ነው።

የእንግሊዞቹ የብራያን ክለፍና የፒተር ቴይለር ታሪክ ደግሞ ሌላውን ገጽ ያሳያል። ክለፍ አንደበተ ኃያል፣ ቴይለር ተጫዋች መርጦ የማወቅ ስጦታ ያለው ረዳት ነበር። አብረው ደርቢን እ.ኤ.አ. በ1972፣ ኖቲንግሃም ፎረስትን በ1978 የሊግ ባለድል አደረጉ፤ በ1979 እና በ1980 የአውሮፓን ዋንጫ ወሰዱ። ክለፍ በ1974 ያለ ቴይለር ወደ ሊድስ ቢሄድ የቆየው 44 ቀን ብቻ ነበር። በኋላ ግን ሁለቱ በ1983 ተቀያየሙ፤ ቴይለርም በ1990 እስኪሞት ድረስ አልታረቁም። ዋንጫው በመደርደሪያ ተቀመጠ፤ ይቅርታው ግን ጊዜ አለፈበት።

ይህ የአለቃና የረዳት ጉዳይ ለጎንደር አዲስ ነገር አይደለም። ኳስ ወደ አገሩ ከመግባቱ ከብዙ ዘመን በፊት የጎንደር ጉባኤ ቤቶች በዚሁ ጥያቄ ላይ ሲሠሩ ኖረዋል። ከሰሜን፣ ከወገራ፣ ከደምቢያና ከበለሳ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ የሚመጣው ተማሪ ከየኔታ እግር ሥር ቢቀመጥም፣ ቀለሙን ሁሉ ከየኔታ አፍ ብቻ አይቀበልም። የኔታ አንድ ናቸው፤ ተማሪው ግን ብዙ ነው። ስለዚህ በዜማው ቤት ታናናሾቹን የሚያስቀጽል ብርቱ ተማሪ አለ፤ በቅኔው ቤትም ጀማሪው በየቁጥቋጦው ሥር ሲቆጥር የዋለውን ጉባኤ ቃና ሰምቶ የሚያርም አስነጋሪ አለ። ረዳት ማለት ይህ ነው።

የዚህ ረዳት ኑሮ የተመቻቸ አልነበረም። የኔታ በአገባብ ስሕተት ላይ ምሕረት አያውቁም። አስነጋሪው ራሱ መወድሱን በጉባኤ ሲያቀርብ ቤቱ ከጎደለ፣ ምሥጢሩም ካልሰመረ፣ እርሱ ራሱ በሚያስተምራቸው ልጆች ፊት ይታረማል። ይሁን እንጂ የሚታረመው ቅኔው እንጂ ሰውየው አይደለም። መልካሙ መምህር ረዳቱን ዛሬ ይገሥጸዋል፤ ነገ ጧት ግን ያንኑ ጉባኤ መልሶ ያስረክበዋል። ተግሣጹና አደራው አብረው ስለሚሄዱ ተግሣጹ ረዳቱን አይሰብረውም። በመጨረሻም አስመስክሮ ይወጣል፤ ወደ አንድ ደብር ሄዶ የራሱን ወንበር ይዘረጋል። የአቋቋም ትምህርት ምስክር በሆነችው በጎንደር በዓታ የሠለጠነ ሰው በሩቅ አገር ሲያስተምር፣ ከማን እንደ ተማረ መጠየቁ አይቀርም። የመምህሩ ስም የሚኖረው በዚህ መልስ ውስጥ ነው።

ለእውነቱ መመስከር ተገቢ ስለሆነ፣ በዚህ ሥርዓት ውስጥም ጉድለት እንደ ነበረ ሳይነገር አይታለፍም። ውሃ ሲቀዳና እንጨት ሲለቅም ዕድሜውን የፈጀ፣ ለወንበር ሳይበቃ የቀረ ተማሪ አልጠፋም። የብዙዎቹ ክለቦች ረዳትም ዛሬ በዚሁ አደጋ ላይ ይገኛል። ዓመታት አሳልፎ፣ ስለ ጨዋታ ስልት አንድ ቀን እንኳ ሳይጠየቅ፣ አንድ ልምምድ እንኳ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይመራ ሊወጣ ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው ልምድ አለው ማለት ያስቸግራል፤ ያለው የአገልግሎት ዘመን ብቻ ነው።

የረዳቱ ብቃት የሚታወቀው አለቃው በድንገት ወንበሩን ሲለቅ ነው። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. በአሰልጣኝ ሥዩም ከበደ እየተመራ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጎንደር አመጣ። በተከታዩ ዓመት የውድድሩ ዘመን ሳይጠናቀቅ ክለቡና አሰልጣኙ ሲለያዩ፣ ምክትሉ ኃይሉ ነጋሽ ኃላፊነቱን ተረከበ። ቡድኑ አልተበተነም፤ በ2014 ዓ.ም. ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ክለብ አዲስ ሰው ከሩቅ ከመፈለግ የሚድነው፣ ተጫዋቾቹን የሚያውቅና ተጫዋቾቹም የሚያውቁት ሰው በቤቱ ካለ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ በአንድ ሌሊት አይገኝም።

ከዚህ ሁሉ ለዋና አሰልጣኞች የሚወጣው ምክር አጭር ነው። ለረዳቱ ሙሉ ሥራ ይሰጠው፤ ተከላካዩን ክፍል ወይም የቆመ ኳስን የመሰለ፣ ጥፋቱም ምስጋናውም የእርሱ የሚሆን። ሲሳሳት ሥራው ይታረም፤ ሰውነቱ ግን አይዋረድ፤ ተጫዋቾች አለቃው የናቀውን ሰው እንደማይሰሙት ይታወቅ። ከጨዋታ በፊት ሐሳቡ ይጠየቅ፤ ሐሳቡ ባይወሰድም ምክንያቱ ይነገረው። ለክለብ አስተዳዳሪዎችም የሚነገር አንድ ነገር አለ። የረዳቱ ውል ከዋናው አሰልጣኝ ውል ጋር አብሮ የሚቆረጥ ከሆነ፣ ረዳቱ ለክለቡ ሳይሆን ለአንድ ሰው የተቀጠረ ይሆናል። እንጀራው በአለቃው መልካም ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ደግሞ ስሕተት ሲያይ ዝም ይላል፤ የዝምታውንም ዋጋ ቡድኑ በሜዳ ላይ ይከፍለዋል።

አበው «ከመምህሩ ደቀ መዝሙሩ» ይላሉ። ይህ ሲባል መምህሩ ያፍራል ማለት አይደለም፤ እንዲያውም የጥብቅ መምህር ድካም ፍሬ ያፈራው ያን ጊዜ ነው። አሰልጣኝ ሥራውን ሲለቅ የዋንጫዎቹ ቁጥር በመዝገብ ተጽፎ ይቀራል። ሙያው ግን የሚቀጥለው በረዳቱ ነው፤ ስለዚህ ስንት ዋንጫ አነሣ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ስንቱን ለወንበር አበቃ የሚለውም አብሮ ሊጠየቅ ይገባል።