ዳሌ ከተቀየረ በኋላ ያለው መቀመጥና መነሳት
በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



በዚህ ማኅበር ውስጥ ዳሌያችንን ያስቀየርን አራት ነን። እንድንናገር የተጠየቅነው ስለ ቀዶ ጥገናው ነበር። ለእሱ ሐኪሞቹ ይበቃሉ ብለን፣ ከዚያ በኋላ ስላለው መቀመጥ፣ መነሳትና መጎንበስ ለመናገር መረጥን። ከመካከላችን ሌሊቱን በሕመም ሲገላበጡ እያደሩ፣ «ከተቀየረልኝማ ቡና ማፍላት ቀረብኝ» ብለው ቀጠሮ የሚያራዝሙ እንዳሉ እናውቃለን።

የጭን አጥንታችን ጫፍ እንደ ኳስ ክብ ነው፤ በዳሌ አጥንት ጎድጓዳ ውስጥ ይሽከረከራል። በመካከሉ ያለው ልም አጥንት ሲያልቅ አጥንት ከአጥንት ይፋጫል። ሐኪሙ ያረጀውን ኳስ ቆርጦ በብረት ወይም በሴራሚክ ይተካል፤ ጎድጓዳውን ብዙ ጊዜ በጠንካራ ፕላስቲክ ያለብሳል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ይህን ሕክምና ሲያስፋፋ የተጠቀመበት ኳስ 22 ሚሊ ሜትር ያህል ነበር። ዛሬ 32 እና 36 ሚሊ ሜትር የተለመደ ነው። ኳሱ ሲተልቅ በቀላሉ አይወልቅም።

ሜዳ ላይ ለመራመድ ዳሌ የሚያስፈልገው ወደ ፊት 30፣ ወደ ኋላ 10 ዲግሪ ያህል መንቀሳቀስ ብቻ ነው። ስለዚህ መራመድ ይመለሳል፤ በሕመም ደርቆ የነበረ እግር እንዲያውም ይፈታል። ወንበር ላይ መቀመጥ ወደ 90 ዲግሪ ይጠጋል። በርጩማ ላይ ተቀምጦ ከሰል ማራገብ፣ ቁጢጥ ማለት፣ ጎንበስ ብሎ ጫማ ማሰር ግን ከ90 ያልፋል። ከኋላ በኩል ተከፍታ ለተሠራላት ሴት አደጋው እዚህ ላይ ነው። ዳሌው በጣም ሲታጠፍ፣ ጉልበቱ ወደ ሌላው እግር ሲሻገርና ጭኑ ወደ ውስጥ ሲዞር ኳሱ ሊወልቅ ይችላል። እስቲ አስቡት፤ በርጩማ ላይ ጉልበታችንን ገጥመን ተቀምጠን፣ ከጎን ያለውን ስኒ ለማንሳት ስንዞር ሦስቱም በአንድ ጊዜ ይገናኛሉ!

ከፊት በኩል ለተሠራላት ደግሞ የሚያሰጋው ሌላ ነው፤ እግርን ወደ ኋላ ዘርግቶ ወደ ውጭ ማዞር። ስለዚህ ከቀዶ ጥገናው በፊት «የምትከፍቱኝ ከየት በኩል ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥንቃቄው የሚጠብቀው ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ነው። ዛሬ አንዳንድ ሐኪሞች አላልተውታል፤ የእናንተን የሚወስነው የእናንተው ሐኪም ነው። የጎረቤት ምክር ለዚህ አይሆንም፤ የእኛም ቢሆን።

ወንበሩ ከፍ ያለ ቢሆንም፣ ስንነሳ ወደ ፊት ከተደፋን 90ውን እናልፋለን። መጀመሪያ ወደ ወንበሩ ጠርዝ እንጠጋለን፤ የተሠራውን እግር ወደ ፊት እንዘረጋለን፤ ከዚያ የወንበሩን ክንድ በእጃችን ተጭነን እንነሳለን። ካልሲ በረጅም መሣሪያ ይጠለቃል። ስንተኛ በእግሮቻችን መካከል ትራስ እናስገባለን። ደረጃ ስንወጣ ጤነኛው እግር ይቀድማል፣ ስንወርድ የተሠራው። ከዘራ ደግሞ በተሠራው እግር በኩል ሳይሆን በሌላው እጅ ይያዛል። ይህን ብዙ ሰው አያምንም። የዳሌውን የጎን ጡንቻ የሚያሳርፈው ግን እንዲያ ሲያዝ ነው። ያ ጡንቻ ካልተጠናከረ እያነከሱ መቅረት አለ፤ የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ አይዘለል።

የሚሰግዱ እህቶቻችን ስለ ግንባር መድፋት ይጠይቁናል። ሐኪሙ እስኪፈቅድ ወንበር ላይ መሆን ነው፤ የንስሐ አባትም ሆነ ሼኽ ይህን ለበሽተኛ አይከለክልም።

ቡናውን በተመለከተ፣ በርጩማው እንጂ ቡናው አይቀርም። ምድጃው ጠረጴዛ ላይ ሲወጣ ጀበናው እዚያው ይፈላል። «ባህሉ ተበላሸ» ያላችሁን ሰምተናል። ይሁንና ሁለት እህቶቻችን ዝቅ ብሎ መቀመጥ ስላልቻሉ ብቻ ከማኅበሩ ከቀሩ ስምንት ወር ሆኗቸዋል። ስለዚህ ከመዋጮው ላይ ክንድ ያላቸው፣ መቀመጫቸው ከጉልበት ከፍ የሚል ስድስት ወንበሮችና አንድ የረከቦት ጠረጴዛ እንዲገዙ ሐሳብ እናቀርባለን። ገንዘብ ያዥዋ ዋጋውን አጣርታለች፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ ይሰጥበት።